በበረዶ ወራት በር አይቆለፍም

ዩማ፣ አሪዞና
ኦክቶበር 14 ቀን 1974

ይድረስ ለአክስቴ ለጉንዳና ለአጎቴ ለሴልመር።

ለጤናችሁ እንዴት ናችሁ? ላሞቹስ? የአጎቴ ወገብስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሰሜን ዳኮታ እስከዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ነዳሁ፤ ፒክአፑ አላሳፈረኝም። ብርቱካን በሚታሸግበት መጋዘን ሥራ አግኝቻለሁ።

ያን ዕለት ተጎታች ቤቴን ግቢያችሁ ውስጥ ትቼ፣ ያቀረባችሁልኝን ሾርባ እንኳ ሳልጨርስ በመሄዴ ይቅር በሉኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ከአጎቴ ልጆች ሁሉ ለክፉ ቀን የሚሆኑት ጉንዳና ሴልመር ናቸው» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ተጎታቿን አየሩ እስኪሞቅ ድረስ አቆዩልኝ። ከበረቱ ጀርባ ብትቆም ደስ ይለኛል፤ ፀሐይ ቀለሟን እንዳታነጣው ነው። ስልክ አልደውልም። መስመሩን ከአራት ቤት ጋር ስለምትካፈሉ ጎረቤታችሁ ሁልዳ ከናንተ ቀድማ ትሰማዋለች። አድራሻዬን ከታች ጽፌያለሁ።

ጥርሴን ትንሽ አሞኛል። ሾርባ ብቻ ነው የምቀምሰው፤ ያልፋል።

ቤታችሁን በረከት ይሙላው።
ማርሊስ


ኖርድቪክ፣ ሰሜን ዳኮታ
ኦክቶበር 30 ቀን 1974

ይድረስ ለማርሊስ።

የጻፍሽው ደርሶናል። እኛ ደህና ነን። የወንድሜ የሴልመር ወገብ ግን ልክ እንደ ጌታው ሥራ ሲያይ ይታመማል።

ፀሐይ ቀለሟን እንዳታነጣው ያልሽውን ሳነብለት ሴልመር ሹካው ከእጁ ወደቀ። ልጄ፣ አንድ ወር አሪዞና ተቀምጠሽ አገርሽን ረሳሽ? እዚህ ከኖቬምበር በኋላ ፀሐይ ወሬዋ እንጂ እሷ አትመጣም። ከበረቱ ጀርባ ደግሞ ነፋሱ በረዶውን ከጣሪያ በላይ ስለሚከምረው ተጎታችሽን ጨፍልቆ ሳንቃ ያደርጋታል። ስለዚህ ነፋስ ጣሪያዋን እንዲጠርግላት ከግቢው መግቢያ አጠገብ አቁመናታል። ከዋናው መንገድ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

የክረምት ሥራዋን ጨርሰናል። ውሃውን ከቧንቧዋ አራገፍን፤ ጭላጭ ቢቀር በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋልና ሴልመር በአፉ ሳይቀር ነፋበት። ባትሪዋንና ጋዟን አወጣን። አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ ወተፍን። ጎማዎቿን ፈትተን በረት ውስጥ ሰቀልን፤ እሷ በአራት ግንድ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች።

ሁለት ነገር ግን ገርሞኛል። የማቆሚያ እግሮቿ የሚወርዱበት የብረት ማዞሪያ እንደ ማጭድ ጎብጦ አገኘነው። ሴልመር በመዶሻ አቀናውና አሁን መግቢያችን ላይ ከኮቶቹ ጋር ተሰቅሏል። የበሯም ቁልፍ ተሰብሯል። ሴልመር «ይሄ እርግጫ ነው» ይላል። ምን አጋጠማችሁ? ዱዌይንስ እንዴት ነው? ያን ሁሉ ስትጽፊ የባልሽን ስም አንዴ እንኳ አላነሳሽም።

የቁልፉ መሰበር አያሳስብሽ። በበረዶ ወራት እዚህ አገር በር እንደማይቆለፍ ታውቂያለሽ። የአባታችን ወንድም ቶርቫል ውሽንፍር ይዞት ጎረቤት በር ላይ ደርሶ፣ በሩ ተቆልፎበት፣ እጀታውን እንደጨበጠ ነው ደርቆ የተገኘው። በሦስተኛው ቀን አባታችን የቤታችንን ቁልፍ ከነመቀርቀሪያው ነቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። እስከ ዛሬ በራችን መዝጊያ እንጂ መቆለፊያ የለውም። ተጎታችሽም ውስጥ እንደ ደንቡ ሻማና ክብሪት በቆርቆሮ፣ ከአንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ጋር አስቀምጫለሁ። ካርድም አለ፤ «ይህ ቤት የማርሊስ ነው። ተጠልለህ ከዳንክ በዚህ አድራሻ አመስግናት» ብዬ የዩማውን አድራሻሽን በትልልቁ ጽፌበታለሁ። ሰው ሲያመሰግንሽ ደስ አይልሽም?

የድንች ቂጣ ልኬልሻለሁ። ሾርባ የሽማግሌ ምግብ ነው፤ በሠላሳ ዓመትሽ አትቅደሚን።

አምላክ ከዚያ ሙቀት ይጠብቅሽ።
ጉንዳ


ዩማ
ኖቬምበር 9 ቀን 1974

ይድረስ ለአክስቴ ለጉንዳ።

እንደምን ከረሙ? ስለ ልፋታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አክስቴ፣ እለምንዎታለሁ፣ ካርዱን ያውጡት። ዛሬውኑ። ይቅደዱት። ተጎታቿንም ከመንገዱ ያርቁልኝ፤ ጣሪያዋ ቢደረመስም ይደርመስ። ከዚህ ጋር ጓጉንቸር ቁልፍ ልኬያለሁ፤ ይቆልፉልኝ። እዚያ አገር እንደማይቆለፍ አውቃለሁ። እባክዎ ይቆልፉልኝ።

ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። የድንች ቂጣውን ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ጥርሴ ገና ነው።

ማርሊስ


ኖርድቪክ
ኖቬምበር 27 ቀን 1974

ይድረስ ለማርሊስ።

ሁለት ውሽንፍር አልፎብናል፤ ደህና ነን። ፖስታ አምጪው ዘጠኝ ቀን መንገድ ተዘግቶበት ነበር።

ቁልፉ ደርሷል። ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሰቅዬም እተወዋለሁ። ልጄ፣ አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ጎማዋ የተፈታና ግንዷ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ቤት እስከ ኤፕሪል ወዴትም አይሄድም። ቁልፍ ደግሞ እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ግቢ አይገባም። ባለፈው ሳምንት አንድ የእህል ዘር ሻጭ መኪናው ቦይ ገብቶበት ተጎታችሽ ውስጥ ሁለት ቀን ተጠለለ። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀብሩ ነበር። ካርዱንም በጉጉት አነበበው። ይጽፍልሻል።

ሌላው ወሬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ እራት ላይ ዱዌይን መጥቶ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ወንበር የተሸከመ እሱ ነው። ስላንቺ ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። «አክስቴ፣ መንገድ ዳር ያየኋት ተጎታች የኛ አይደለችም?» አለኝ። «የማን ልትሆን ነው?» አልኩት። አድራሻሽን ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን ተዪና ፍርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ ካርዱ ባለበት ይቆያል።

ጌታ ልብሽን ይክፈተው።
ጉንዳ


ዩማ
ዲሴምበር 20 ቀን 1974

ይድረስ ለአክስቴ ለጉንዳ።

ሦስት ሳምንት ብዕር አነሳሁ፣ ጣልኩ። የልደቱ ጌታ ድፍረት ሰጥቶኝ ልጽፈው ነው።

ጥርሴን አይደለም ያመመኝ። መንጋጋዬ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነው የከረመው። የሰበረው ዱዌይን ነው።

ወንበር ሲሸከም ሁሉም ያየዋል። እናቴን የቀበርን ዕለትም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሴቶቹ «እንዲህ ያለ አማች» አሉ። ከቀብር ስንመለስ፣ የእናቴን ሬሳ የተሸከመውን ሰው እጅ ጨብጠሽ ቆየሽ ብሎ ራሴን ከመኪናው መስታወት ጋር አጋጨው። መስታወቱ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው በጠጠር ነው ብዬ ለጎረቤት ያወራሁት እኔው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አወራሁ።

በሴፕቴምበር ሐይቅ ዳር ሰፍረን ሳለ ዓሣው አረረ። ዓይኑን ሳየው ሮጬ ተጎታቿ ውስጥ ገባሁና ቆለፍኩ። በእርግጫ ሰብሮ ገባ። ያን ማዞሪያ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ምት መንጋጋዬ ላይ አረፈ፤ አፌ ውስጥ አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ለሁለተኛው ሲሰነዝር ጎንበስ አልኩና የበሩን ብረት መታ። አጎቴ ያቀናው ጉብጠት እሱ ነው። እኔን ለመምታት የተሰነዘረ ነው።

«ብትሄጂ ከምድር ጫፍ ፈልጌ እጨርስሻለሁ» ብሎኛል። በማግስቱ በጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ተጎታቿን እንደጎተትኩ ጠፋሁ። እናንተ ጋ ስደርስ ያበጠውን ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ነበር፤ ሐኪም ጋ የደረስኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አሁን ቤቷን አይቷታል። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ እኔ ያለሁበት በትልልቁ ተጽፏል። አፍሬ ነው እንጂ ይህን በኦክቶበር ልነግርዎት ይገባ ነበር። ካርዱን አንብቦት ከሆነ አንድ ቃል ይላኩልኝ፣ ከዚህ እጠፋለሁ። ዛሬ በሕዝብ ስልክ አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁልዳ ብትሰማም ትስማ ብዬ። መስመሩ አይሠራም።

ማርሊስ


ዩማ
ጃንዋሪ 5 ቀን 1975

አክስቴ፣

መልስ የለም። ትናንት የሰሜን ዳኮታ ማኅተም ያለበት ፖስታ መጣልኝ፤ ጽሕፈቱ የወንድ ነው። የመጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የዘር ሻጩ ነው። «እመቤት፣ ቤትሽ ነፍሴን አተረፈ» ይላል። ሰው እያመሰገነኝ እኔ ፖስታውን ቦጫጨቅሁት።

በሬ አጠገብ እግር በሰማሁ ቁጥር ቢላ አነሳለሁ። አለቀልኝ ወይስ አላለቀልኝም? ብቻ ይጻፉልኝ።

ማርሊስ


ኖርድቪክ
ጃንዋሪ 21 ቀን 1975

ይድረስ ለልጄ ለማርሊስ።

አላለቀልሽም። ይህን ከሰላምታ በፊት የጻፍኩት አንቺ ከሰላምታ በፊት የምትፈልጊው ስለሆነ ነው። ካርዱን አላየውም። ከእንግዲህም አይመጣብሽም። አሁን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ከገና በፊት የስልኩ ምሰሶዎች ወደቁ፤ መንገዱም ተዘጋ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን፣ በዚህ ወር በ11ኛው ደረሱን። ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆሜ አነበብኳቸው። ከዚያ በሰባ ዓመቴ ሮጥኩ። ካርዱ ከሻማው ሥር ነበረ። ምድጃ ውስጥ ከትቼው አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት። ሴልመር በተጎታችሽ በር ላይ ሁለት ቀለበት መታና ያንን ጓጉንቸር ቆለፍን። በሕይወቴ የቆለፍኩት የመጀመሪያ በር ነው። ማታ አለቀስኩ፤ ላንቺም፣ ወንበር ሲሸከም አይቼ «እንዲህ ያለ ባል» ላልኩት ለራሴም።

በ13ኛው ከሰዓት በኋላ ዱዌይን መጣ። በስተምዕራብ ሰማዩ እንደ እርሳስ ጠቁሮ ነበር። ሰንሰለት ይዟል።

«ንብረቴን ልወስድ ነው» አለ፣ እየሳቀ።

ሴልመር ከበረት ወጥቶ «ሰማዩ አላማረኝም፣ ልጄ። ነገ ይደርሳል፣ ግባና ሾርባ ጠጣ» አለው። አይ ሴልመር! ሁሉን እያወቀ እንኳ ሰው በውሽንፍር አያባርርም።

ዱዌይን ተጎታቿን ዞራት። «ጎማው የታለ?»

«በረት ውስጥ ተሰቅሏል። ክረምት አይደል?»

«ቁልፍስ? የኔን ቤት ማነው የቆለፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት ከደጃፌ።

ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። «እሷ የት ናት?»

«ማ?»

«አንቺ አሮጊት፣ አትቀልጂብኝ! የት ናት?»

ወደኔ ሲመጣ ሴልመር መሀል ገባ። ገብቶ ምንም አላደረገም፤ ብቻ ቆመ። ዱዌይን ሰንሰለቱን በእጁ ጠቅልሎ ጆሮውን መታው። ሴልመር ወደቀ። ወድቆም ተመታ፤ ጎኑን፣ ጉልበቱን፣ እንደገና ጉልበቱን። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። ደሙ በረዶው ላይ ተረጨ። ወንድሜ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ማርሊስ። ዝንብ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

በብርድ የደረቀውን የውሃ ፓምፕ ላሟሟበት የፈላ ውሃ በባልዲ ይዤ ነበር። እላዩ ላይ ደፋሁት። ደረቱንና እጁን አገኘው። እየጮኸ ሰንሰለቱን ጣለ፤ የረጠበ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። እኔ ሴልመርን በኮሌታው ጎትቼ አስገባሁት። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሩን ዘጋሁ። የምቆልፍበት የለኝም፤ አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎታል። ከኮቶቹ መሀል ያን ማዞሪያ አነሳሁና በእጀታውና በግድግዳው ቀለበት ውስጥ አሾለክሁት። መንጋጋሽን የሰበረው ብረት በሬን ያዘልኝ። ዱዌይን በርግጫ ሞከረው። አልተነቃነቀም።

ያኔ ውሽንፍሩ ደረሰ። ግድግዳ ሲወድቅ ነው የሚመስለው። መኪናው እምቢ ብሎታል፤ ሲሞክረው ሰምቻለሁ። ተጎታችሽ ጋ ሄዶ መስኮቷን በባዶ እጁ ሰብሯል፤ ደሙ መስታወቱ ላይ ረግቶ አግኝተናል። መስኮቷ ግን ጠባብ ናት፤ ሰው አታሳልፍም። ተመልሶ በራችን ላይ መጣ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን ለፖሊስ አዛዡ አልነገርኩም። ለቄሱም አልነገርኩም።

ከበራችን ጀምሮ እስከ በረቱ ገመድ እንደምንዘረጋ ታውቂያለሽ። ዓይን በማያሳይ ቀን እሱን ይዘን ነው ልናልብ የምንሄደው። ሠላሳ እርምጃ ነው። በረቱ በሃያ ሁለት ላም ትንፋሽ ይሞቃል፤ በሩም አይቆለፍም። ገመዱ ከዱዌይን ትከሻ እኩል ታስሮ ነበር፤ የከተማ ልጅ ስለሆነ የልብስ ማስጫ መስሎት ይሆናል።

«ጉንዳ፣ ክፈችለት» አለ ሴልመር ከወለሉ።

«አርፈህ ደምህን ያዝ።»

«ያባታችን በር ነው።»

«አውቃለሁ የማን በር እንደሆነ!»

«እሺ፣ አትክፈቺ። ገመዱን ንገሪው። አንድ ቃል ነው፣ ጉንዳ።»

ወንበር ስቤ በሩ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ቃል ነው። «ገመዱን ያዝ» ማለት ብቻ። አልወጣ አለኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ አላወጣሁትም። መጀመሪያ በቡጢ መታ፣ እየተሳደበ። ቀጥሎ በመዳፉ፣ «አክስቴ፣ እባክዎ» እያለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። እንጨት እንጨትን ሲመታ ነው የሚመስለው። እጁ ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ላይ ብረቱን አወጣሁና ከፈትኩ። እንደ ግንድ ወደ ውስጥ ወደቀ።

መንገዱ እስኪጠረግ ሁለት ቀን ከኛ ጋር ነበር። ጣቶቹ ነጭ ሆኑ፣ ከዚያ አበጡ፣ ከዚያ ጠቆሩ። ማንኪያ መያዝ ስላልቻለ እኔ ነኝ ያጎረስኩት። ሾርባ። አንዱን ጉርሻ ውጦ «ጣቶቼ አይሰሙኝም» እያለ አለቀሰ፤ ይህኛው እንባ እውነተኛ ነው። ሐኪሙ የቀኝ እጁን ጣቶች በሙሉ፣ ከግራው ሦስቱን ቆርጧል። ሲሻለው በሴልመር ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሴልመር አንድ ጆሮው አይሰማም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

አዛዡ «የከፈቱት መቼ ነው?» አለኝ። «እንደሰማሁ» አልኩት። ሴልመር ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከሴልመርና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

አምላክ አንቺን ያኑርሽ፣ እኔን ይማረኝ።
ጉንዳ


ዩማ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1975

ይድረስ ለአክስቴ ለጉንዳ።

የአጎቴን እግር ስሜያለሁ ይበሉልኝ። የተቀበለው ምት የኔ ነበር። ምን ብዬ እንደማመሰግነው አላውቅም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ጣቶቹ ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ጎረቤቴ እንዳትሰማኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አሁንም መልሼ መልሼ አነበዋለሁ። ሽቦው ከተፈታልኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት ብርቱካን ገመጥኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ለምን ከፈቱለት? አርባ ደቂቃ ከቻሉ ሃያ ደቂቃ ቢጨምሩ ያልቅ ነበር። እኔ ብሆን አልከፍትም ነበር፤ ወይም እንደማልከፍት ማሰብ እወዳለሁ። እርስዎ ለምን?

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
ማርሊስ


ኖርድቪክ
ማርች 30 ቀን 1975

ይድረስ ለልጄ ለማርሊስ።

ሰነበትሽ ወይ? የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ አይደለም። መልሱን ስላላወቅሁት ነው።

ሴልመር ስለለመነኝ ነው ልልሽ አሰብኩ፤ አይደለም። አባቴን ፈርቼ ነው ልልሽ አሰብኩ፤ እሱም አይደለም። እውነቱ ይህ ነው፤ ያ ድምፅ እንጨት ሲመስል ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ሳውቅ ደነገጥኩና ተነሳሁ። ሃያ ደቂቃ ብጨምር እሱ ይሞት ነበር፤ እኔ ግን በሩ ፊት ተቀምጬ በቀረሁ። አንቺን ከእሱ እጅ አውጥቼ ራሴ ውስጥ እሱን ላስገባው አልፈለግሁም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። እንቅልፌ እንደ ድሮው አይደለም፤ በር ሲንኳኳ የያዝኩትን ጥዬ ሮጬ እከፍታለሁ፤ ሁልዳ እንኳ ስኳር ልትበደር መጥታ «ምን ነካሽ?» አለችኝ።

በረዶው እየቀለጠ ነው። የተጎታችሽን መስኮት በጣውላ ደፍነናል። አንድም አይጥ አልገባባትም፤ ቧንቧዋም አልፈነዳም፤ የሴልመር ሳንባ ይባረክ። ጎማዎቿን በኤፕሪል መጨረሻ እንገጥማለን። መጥተሽ ውሰጃት፣ ወይም መጥተሽ አትውሰጃት፤ ብቻ ነይ። ሴልመር የድንች ቂጣ ስትበዪ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብሏል።

ጓጉንቸሩን ፈትቼ አባቴ የኛን የጣለበት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ማዞሪያውንም ከላዩ ጨመርኩበት፤ ሴልመር ለተጎታችሽ ሌላ ይሠራላታል። ሻማውን፣ ክብሪቱንና ብርድ ልብሱን ወደ ቦታቸው መልሻለሁ፤ ኤፕሪልም እዚህ ሰው ይገድላል። አዲስ ካርድም ጽፌያለሁ። ያንቺም የኔም አድራሻ የለበትም። «ከቤቱ በር ጎን ገመድ አለ። ያዘውና ሂድ፤ በረቱ ሙቅ ነው» ይላል።

ጉንዳ